አያ መንሱር እና የሦስት ደቂቃው ደወል

አያ መንሱር ከሮቢት ወደ ቆቦ ከተማ የመጡት የበሬ መድኃኒት ሊገዙ ነበር። ባጃጅ ሲጠብቁ የሟች ወንድማቸውን ልጅ ሀስናን ደብተር ይዛ ወደ አንድ አዳራሽ ስትገባ አዩአትና ደማቸው ፈላ። ሰኞ ሽማግሎች ማሳ ስለሚጠጣበት የጎርፍ ውሃ ተራ ሊቀመጡ ነው፤ አምና የተወሰደው ተራ ዘንድሮም ካልተመለሰ የእሷና የእናቷ ማሽላ ሊደርቅ ነው፤ እሷ ግን ከተማ ትዞራለች!

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እንዴት ዋሉ፣ አያ። የንግግር ክበብ አለን። ሰው ፊት ቆሞ መናገር እንማራለን።»

«አጂብ! መናገርም ትምህርት ሆነ? ሰኞ የምናገርልሽ እኔ አይደለሁም ወይ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ። ሰኞ ራሴ ልናገር ነው።»

ወላሂ፣ በጥፊ ቢመቷቸው ይሻል ነበር። ሴት ልጅ፣ ያውም የእነሱ ልጅ፣ በሽማግሌ ፊት! ያባለጓትን ሰዎች ልክ ሊያስገቡ ተከትለዋት ገቡ።

የክበቡ ኃላፊ መምህርት የትናየት ከመቀመጫዋ ተነሣችላቸው። «አባታችን፣ ቅሬታዎን መድረክ ላይ ወጥተው ይንገሩን። ደንባችን ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ደወል ይደወላል።»

ስንት ጠብ ላበረዱት ለእሳቸው ሦስት ደቂቃ! በንዴት ወጡ። ቢሆንም ወግ ወግ ነውና አላህን አመሰገኑ፤ ቤቱን መረቁ፤ ወጣቱን፣ መምህሯን፣ አገሩን፣ ዝናቡን መረቁ፤ ታላላቆችን ይቅርታ ጠየቁ፤ «እንግዲህ ወደ ነገሬ ስገባ» ሲሉ ደወሉ ጮኸ።

«ምንድን ነው ይሄ? ገና መች ጀመርሁና!»

ሀስና ተነሣች። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አያ፣ አምናም እንዲሁ ነበር። ሽማግሎቹን ሲመርቁ፣ ተራችንን የሚፈልገውን ሰው ዘር ሁሉ ሲያወድሱ፣ የውሃውን ነገር ሳያነሱ ቀትር ደርሶ የዙሁር አዛን ተባለ። ሰው ለሶላት ተነሣ። 'ቅሬታ አልሰማንም' ብለው ተራችንን ለሌላ ሰጡት። እናቴ ያላፈራውን አገዳ ለከብት አጨደችው። እኔ ሽማግሎቹ ከተቀመጡበት ዛፍ ማዶ ቆሜ ነበር፤ አንድ ቃል ተናገሪ ያለኝ የለም! ማሳው የእኔ፣ ረሃቡ የእኔ፣ አፉ ግን የሰው!»

አያ መንሱር ሊቆጡ አሰቡና ቁጣው ጠፋባቸው። ያን ቀን ቤታቸው ገብተው ለእሷና ለእናቷ «ክብራችሁን ጠብቄ ተናገርሁ» ማለታቸው ትዝ አላቸው። አፈሩ።

«እሺ፣ አንቺ ምን ልትይ ነው?»

«ቦዩን አባቴ ከሰው ጋር ቆፍሯል። ሁለተኛው ተራ የእኛ ነበር። ያለ ጥፋታችን ተወስዷልና ይመለስልን።» ቁጭ አለች። ደወሉ አልጮኸም።

«ምርቃቱስ?»

«እሱን እርስዎ ያድርጉልኝ። ግን ያሳጥሩት።»

አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። የሚገርመው፣ መከባበርን ማንም አልነካባቸውም፤ የተነካው በመከባበር ስም የሰው መብት የሚታፈንበት ልማድ ነው። በደሉን የቀመሰው ሰው ራሱ ቢናገር ነገሩ ያጥራል፤ ሽማግሌም ያልሰማውን አይፈርድም።

ሰኞ አያ መንሱር ከዛፉ ሥር ተነሥተው አጭር ምርቃት መረቁና «የነገሩ ባለቤት አለች፤ እሷው ትናገር» አሉ።

«ሴት?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«አዎ፣ ሴት! አምና ወንድ ሲናገር አይታችኋል። ወንዱ እኔ ነበርሁ።»

ሀስና ተናገረች፤ ዙሁር ሳይደርስ ተራው ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ጎርፍ ወረደ፤ ማሽላውም ጠጣ።