እጅ ያወጣሁበት ስብሰባ

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ እጅሽን ብታወጪ ምን አለበት?» ይሉኝ ነበር ቲቸር፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ። አንድም ቀን ሳላወጣ ትምህርቱን አቋረጥኩ፤ አግብቼ ወለድኩ፣ ለድግስ ክትፎ ማዘጋጀት ያዝኩ። ዘንድሮ የጂኦግራፊ መምህራን ማኅበር ወልቂጤ ላይ ሲሰበሰብ የምሳው ሥራ ለእኔ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ እኚያው ቲቸር ናቸው። ከጓሮዬ ክትፎው የሚቀርብበትን ኮባ ቆርጬ፣ ቅጠሉን ወልውዬ ስጨርስ ደወሉ። «ኮባው ይቅር። ከአዲስ አበባ እንግዶች አሉ፤ የሚጣል የፕላስቲክ ሰሃን ይሁን።» እምቢ ብል ሥራው ለሌላ ሊሰጥ ነው፤ ገዛሁ። ኮባውንም መጣሉ አሳዝኖኝ ይዤው ሄድኩ።

ሰሃኖቹን ታቅፌ አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ቲቸር «ፕላስቲክ ይብቃን» ከሚል ሰፊ የፕላስቲክ ባነር ሥር ቆመዋል። «ከዛሬ ጀምሮ ማኅበራችን በየትኛውም ዝግጅቱ ፕላስቲክ አይጠቀምም!» ተጨበጨበ። «ጥያቄ ያለው?» አሉ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ውሳኔው የሚጀምረው ከምሳ በፊት ነው ወይስ ከምሳ በኋላ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሥራዬ አለቀለት ብዬ ሰሃኖቹን ደረቴ ላይ ጥብቅ አደረግኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ያን ሁሉ ጊዜ ለምኜሽ፣ ለዛሬ አስቀመጥሽው?» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ከምሳ በፊት ነው። በይ ኮባሽን አምጪ።»

ማታ ቲቸር ባነሩን እያወረዱ «ይሄን የሚፈልግ አለ?» ሲሉ ድጋሚ እጄን አወጣሁ። የኩሽናዬ ጣሪያ ያፈስ ነበር።