ደካ ያሉት ርእሰ መምህርት

ሠናይት፣ ነይ እዚህ አግዳሚው ላይ ቁጭ በይ። ወላጁ ተሟልቶ ስብሰባው እስኪጀመር እንጫወት። የቦንጋ ዝናብ እንደሆነ ለማንም አያዝን፤ ሰውን ሁሉ በየቤቱ አስቀረብን። ገበያ እንዴት ዋለ? ማሩስ ተሸጠልሽ?… እሰይ!

እንዴ፣ እትዬ! ደኅና ዋሉ? ስብሰባውን እስኪከፍቱልን ከፊታችን ይቀመጡ እንጂ፣ ምን ያስቆምዎታል? ኧረ አልረበሹንም። እኛ ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው።

ምን እያልኩሽ ነበር ሠናይት… አዎ፣ ደካ። እዚያ ደካ ከተማ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት ርእሰ መምህርት አሉልሽ። ስማቸውን ምን ያደርግልሻል? ጥሩ ሰው በሥራው ይታወቃል። እኩልነት ሲወዱ! አንዱ ልጅ ፊደል ለይቶ ይምጣ፣ ሌላው አማርኛ ሳይሰማ በካፊኖኖ ብቻ አድጎ ይምጣ፣ እሳቸው ምን ገዷቸው? አንድ ደወል፣ አንድ መዝሙር፣ አንድ ጥያቄ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባል የለ? እሳቸው ዘንድ ሰባ ሕፃንም ለአንዲት አስተማሪ ጌጧ ነው። ቀበሌው አንድ ለአምስት ተደራጁ ቢል እሳቸው አንድ ለሰባ አደራጅተው ቁጭ አሉ… ታዲያ ሞዴል ቢባሉ ይበዛባቸዋል?

እዚያ ደግሞ ዮሲ የሚባል ልጅ አለ አሉ። ከእኔ ዮሲ ጋር ስሙ መግጠሙ! እሱም አያቱ ዘንድ ገጠር አድጎ ዘንድሮ ነው የገባው። ፍሬ የሌለው የሙዝ ተክል ሥዕል አሳይተው "ይኼ ምንድን ነው?" ቢሉት፣ በካፊኖኖ እንሰት ነው አላቸው። ምን ይበል? የአያቱ ጓሮ ሙሉውን እንሰት አይደል እንዴ? እሳቸው ግን ወዲያው "ዘገምተኛ ነው" አሉ። ዓይን ማለት እንዲህ ነው! የልጅን ዕድሜ ልክ በአንድ ቅጠል ያነባሉ።

አስተማሪዋ አብርሆት ታዲያ ከቁርስ በኋላ ትንሽ ለብቻው ይዛው ትቀመጥ ጀመር፤ በቡና ፍሬ እያስቆጠረች፣ በቋንቋው እየጠየቀች። ልጁ አፉን ፈታ! መዝሙር እየዘፈነ ቤት ሲገባ በደስታ አለቀስኩ… አለቀሰች፣ እናቱ። እሳቸው ደርሰው "ይኼ አድልዎ ነው" ብለው አስቆሙት። አየሽ ፍትሕ? ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል፤ እሳቸው ዘንድ ግን ደወል ሲደወል ያልተነሳ እንቁላል ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ዛሬ እዚያም የወላጅ ስብሰባ አለ አሉ። ወይ መገጣጠም! ልጁ ከአብርሆት ጋር ለብቻው መቀመጥ እንደገና ይፈቀድለት ወይስ ከትምህርት ቤቱ ይውጣ፣ እሳቸው ይወስናሉ።

ሰው ደግሞ ክፉ ነው ሠናይት። "የራሳቸው ልጅ ግን አስጠኚ ቤት ድረስ እየመጣለት ለብቻው ይማራል" ብሎ ያማቸዋል። ቢማርስ? እናት አይደሉም? ቀኑን ሙሉ እኩልነት ሲያስከብሩ ውለው፣ ማታ ደግሞ ቤታቸው ድረስ ተሸክመውት ይግቡ?

እኔ እንኳ ሁሌም እመርቃቸዋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጃቸውን ያሳድግላቸው፤ ወግ ማዕረጉን ያሳያቸው። የትም ይማር የት፣ ምላሱ በተያዘበትና ሰው በቸገረው ቀን፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለች ርእሰ መምህርት ይዘዝለት!

አሜን በይ እንጂ ሠናይት… እትዬ፣ እርስዎስ? ምነው፣ አሜን አይሉም?