ሳይነኩት የሚበራው መብራት

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ መብራት ከበራ ያበራው ሰው ይታወቅ ነበር። ሽቦውን ተከትለህ ብትሄድ ጫፉ ላይ አንድ ሰው ታገኛለህ፣ አለቀ። ታዲያ የዛሬው ፍላሽ ሽቦ የለውም። ጎኑ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ዓይን አለችው፤ ካሜራዬ ላይ ያለው ትንሹ ፍላሽ ብልጭ ሲል እሷ ታያለች፣ እና ትልቁም አብሮ ቦግ ይላል። ሲሸጡልኝ እንዲህ አሉኝ፤ እኔ ግን "ሌላ ምን እንደምታይ ማን ያውቃል" ብዬ ከመጀመሪያውም አላመንኳትም።

ቀጨኔ ያለችውን ፎቶ ቤቴን ታውቃታለህ፣ ከመድኃኔዓለም ወደ ታች ስትወርድ። ከጎኔ ከድር አለ፣ እሱም ፎቶ አንሺ። መሀላችን ያለው ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው፣ ጣሪያ እንኳን አይደርስም፤ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምለው እኔ ነኝ። ታዲያ አንድ ቀን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሌንስ ስወለውል ያ ፍላሽ ቦግ! ማንም አልነካውም። ዞር ብል ሰው የለም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቦግ! ለባለቤቴ ብነግራት "በል ጠበል እርጭበት" አለችኝ። "ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ? ልትገላገይኝ ነው?" አልኳት።

እና ከድርን ጠረጠርኩ። ከእኔ አይቶ ያንኑ ዓይነት ፍላሽ በቅርቡ ገዝቷል፤ ሪሞት ይዞ ቢጫወትብኝስ? ሰላም ሲለኝ እጁን እጁን አያለሁ። "ጋሽ ተስፉ፣ ሥራ እንዴት ነው?" ይለኛል። "እንደምታየው ነው" እለዋለሁ። ዓይኑን ሰብሮ ይገባል። ሰው ካላጠፋ ዓይኑን ለምን ይሰብራል? እስቲ በል ንገረኝ!

ታዲያ እንዲህ እያለን አንዲት ልጅ አባቷን ደግፋ መጣች። ሰውየው ታመው ከስተዋል፣ ግን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው። "ቶሎ በል የኔ ጌታ፣ ትንፋሼ አጭር ናት" አሉኝ። አስቀመጥኳቸው፣ ቀና አሉ፣ የካሜራውን ቁልፍ ልጫን ስል ፍላሹ ቀድሞኝ ቦግ! እኔ ስጫን ባዶ፤ አንዴ ከበራ እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋላ። ፎቶውን ባየው ግማሽ ፊታቸው ጨለማ። "አንዴ ልድገም" ስል ሳል ያዛቸው፣ እና ልጅቷ "በቃ፣ ደክመዋል" ብላ ይዛቸው ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ "ሌላ ፎቶ የላቸውም እኮ" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ግድግዳውን ደበደብኩት። "ከድር! ውጣ!" ወጣ። "የሰው መብራት ታበራለህ? ለታመመ ሰው አታዝንም?" ስለው ከእኔ ብሶ ጮኸ፣ "እኔ? ወላሂ የእኔን የሚያበሩት እርስዎ ነዎት! ሰው አስቀምጬ ስዘጋጅ ቦግ ይልብኛል! ድግምት አስደግመውብኛል ብዬ፣ ዝም ያልኩት ለሽበትዎ ነው!"

ክው አልኩ። "እስቲ ግባና የራስህን አንሳ፣ እኔ ምንም ሳልነካ እቆማለሁ" አልኩት።

"አለመንካትዎን በምን አያለሁ?" አይለኝም!

እጆቼን ከግድግዳው በላይ አንስቼ እንደተማረከ ወታደር ቆምኩ። እሱ ተጫነ፣ የእኔ ቦግ! ከዚያ አንድ እጄን አውርጄ ያቺን ዓይን በመዳፌ ሸፈንኳትና "ድገም" አልኩት። ተጫነ። የእኔ ጸጥ። ለካ የእሱ ብርሃን በግድግዳው ላይ ተሻግሮ ይመጣል፣ የእኔም ወደ እሱ ይሄዳል፤ እና ዓይኗ የባለቤቷን ብርሃን ከጎረቤት ብርሃን አትለይም። ማንም ብልጭ ይበል፣ እሷ ትታዘዛለች።

ታዲያ ሁለታችንም ፍላሻችንን ተሸክመን ሰፈርተኛ ጠይቀን ሽቅብ ወደ እንጦጦ መውጫ፣ ሰውየው ቤት ሄድን። አልጋ ላይ ናቸው። ከድር በትራስ ደገፋቸው፣ ልጅቷ ክራቫቱን አሰረችላቸው። የእሱን በግራ፣ የእኔን በቀኝ አቆምን። ስጫን ሁሉም አንድ ላይ ቦግ! ፊታቸው ሙሉ ወጣ። ሰውየው ካሜራው ላይ ራሳቸውን ትክ ብለው አዩና "አዎ፣ ይሄ እኔ ነኝ" አሉ። ብዙም አልቆዩም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ፎቶውን ደግሜ ያየሁት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው።

"ታዲያ ጋሼ፣ አሁን ጋሽ ከድርን ያምኗቸዋል?"

አምነዋለሁ እንጂ! ግድግዳውንም እስከ ጣሪያ አስደፈንነው። ግን የደፈነው አናጢ የእሱ አገር ልጅ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቀዳዳ እፈልጋለሁ።

"እሳቸውስ?"

እሱም በወዲያ በኩል ይፈልጋል። ባለፈው አንዷ ቀዳዳ ላይ ተገጣጠምንና "እንደምን አደርክ" ተባባልን! ሃ ሃ ሃ!