በክርስትና ስሜ ሲጠሩኝ

ያን ጊዜ ደሴ አንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከላሊበላ አንዲት ልጅ ሁሉ ነገር ተችሏት በነፃ ትማር ተባለ። እኔ ትርንጎ እንቅልፍ አጣሁ! ፊደል ያልቆጠረው አባቴ ማመልከቻዬን በንስሐ አባታችን አጽፎ ላከልኝ።

አንድ ጠዋት «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብለን ባንዲራ እንደሰቀልን ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ይዘው ወጡ። «ደሴ የተመረጠችው፣ ወለተ ሥላሴ ገብረ ማርያም! ነይ ውጪ!» ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ግን አወቅሁት። የክርስትና ስሜ ነዋ! እናቴ ግን «ይህን ስም ከቄስ በቀር ማንም እንዳይሰማብሽ፤ መተት ይሠሩብሻል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ደግሞ ማን ያውቀዋል? ሞክሼዬ ትሆናለች፣ ገብረ ማርያም የሚባል አባትም ሞልቷል አልኩና ዝም። ሦስቴ ጠሩ። ከዚያ «የለችም» ብለው ተጠባባቂዋን፣ ከብልባላ መጥታ እኛ ጋ የምትማረውን ልጅ ጠሩ።

ቤት ገብቼ ብናገር አባቴ ክው አለ። «አባ በሌላ ስም መች ያውቁሻል?» አለኝ። በማግስቱ እያለቀስኩ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሮጬ «ወለተ ሥላሴ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ምነው ልጄ፣ ትናንት ሦስቴ ስጠራሽ እዚያው ቆመሽ አልነበር?» አሉኝ። የብልባላዋ ልጅ በጠዋቱ መኪና ሄዳለች።

ይኸው ዛሬም የደሴ አውቶቡስ ሲነሳ ሳይ ልቤ አብሮ ይሳፈራል። ልቆርብ ስቀርብ ቄሱ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው «ስመ ክርስትናሽ?» ይሉኛል። ሌላው ሰው በሹክሹክታ ነው የሚናገር። እኔ ግን ደሴ ድረስ የሚሰማ ይመስል እጮኸዋለሁ።