የእድሩ ክዳኖችና የጋሼ ዘርአ ዳዊት ፍላሽ

በታኅሣሥ ወር፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበሯ ጎረቤላ የሚሄድ አንድ አውቶቡስ መንገዱን ካጋመሰ በኋላ ጉም ዋጠውና ቆመ። ሾፌሩ «ገደሉን ሳላይ አልነዳም» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው ትንሽ አጉረመረመ፤ ኋላም ጋቢውን ተከናነበ። ከመስኮቱ ውጭ መንገድም፣ ሜዳም፣ ሰማይም አልነበረም። ያለው አንድ ዓይነት ነጭ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም በቀስታ ይንሳፈፋል።

ጋሼ ዘርአ ዳዊት በጋቢ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ታቅፈው መስኮቱ ሥር ያንጎላጁ ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት በቴክኒሻንነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ኮምፒውተርን ማንም ሳያስተምራቸው ፈታተው ገጥመው የተማሩ፣ በዚህም የሚኮሩ፣ ኩራታቸውንም የማይደብቁ። በሰመመናቸው የእኅታቸውን የአስካለማርያምን የድንች ማሳ አዩ። ማሳው እንደ ውጭው ሁሉ ነጭ ለብሷል። አስካለማርያም ዳር ተቀምጣ ስልኳን እያገላበጠች «መልእክትህ እኮ አልመጣም፣ ወንድም ጋሼ» ትላቸዋለች። ሊመልሱላት አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ቃል ሌላ ሆነ።

«ላይብረሪው አልተገኘም!» ብለው ጮኸው ነቁ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት ደንግጣ ዞረች። ራሔል ትባላለች፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታስተምር፣ ከአርባ ምንጭ ከመጣች ሁለት ዓመት የሆናት፣ በዕረፍት ቀኗ አንኮበርን ልታይ የወጣች ነች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፤ ምን አልተገኘም አሉ?»

«ተይው ልጄ፤ የሽማግሌ ቅዠት ነው» አሉ አፍረው። ግን ጉም ያቆመው ሰው ወሬ ይወዳልና ቀስ በቀስ ጉዳያቸውን ዘረገፉት።

ካቻምና ውርጭ የአስካለማርያምን ድንች በአንድ ሌሊት አጠቆረው። ባሏ የሞተባት፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት ናት። እሳቸውም በዚያ ተቃጥለው አንድ ፕሮግራም ሠሩ። ማሳ ውስጥ የቆሙ ሁለት ቴርሞሜትሮች ቅዝቃዜውን በሲም ካርድ ይልካሉ፤ ፕሮግራሙ ያንን አስልቶ ማታ ውርጭ የሚወርድ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ለዘጠና አራት ገበሬዎች መልእክት ይሰዳል። ገበሬውም ጀምበር ሳትጠልቅ ማሳውን ውሃ ያጠጣል፣ ለጋውን ጭድ ያለብሳል። አምና ድንቹ ተረፈ። አሁን ግን ፕሮግራሙ ዝም ካለ አራት ቀኑ ነው።

«ደብረ ብርሃን ለአንድ ጠጋኝ ባሳየው "ሁሉንም አጥፍተው እንደ አዲስ ይጫኑ" አለኝ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም! የሁለት ዓመት ልፋቴን አጥፋ ይለኛል?»

«አጥፉ በማለቱስ ደግ አላደረገም» አለች ራሔል። «ለመሆኑ ኮምፒውተሩ ራሱ ምን አለ? የጻፈውን አነበቡት?»

«ምኑን አነበዋለሁ? "እሺ" የሚለውን ስጫነው ይጠፋል።»

ራሔል ፈገግታዋን ዋጥ አደረገች። እዚህ ላይ ጋሼ ዘርአ ዳዊትን ብቻ መውቀስ አይገባም። የተማርነውም ያልተማርነውም ስንሳሳት የተነገረንን ሳንሰማ «እሺ» ብለን የማለፍ ልማድ አለብን።

«ታዲያ ሲበላሽ እንዴት ነበር የሚያበጁት?»

ጋሼ ዘርአ ዳዊት ከማተባቸው ጎን በጥቁር ክር ያንጠለጠሉትን አሮጌ ፍላሽ አወጡ። «በዚህ ነዋ! ላይብረሪ ማለት፣ መቼም ታውቂዋለሽ፣ ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው፣ ፕሮግራም ሲቸግረው የሚጠራው ረዳት ነው። የሃያ ዓመት ላይብረሪ ለቅሜ እዚህ ውስጥ አኑሬአለሁ። አንዱ ፕሮግራም "ጎደለኝ" ሲል ከዚህ አውጥቼ ሁሉም በሚጠቀምበት የጋራ ፎልደር አስቀምጥለታለሁ። አገራችን በመዋዋስ የቆመ አገር ነው። ጎረቤት ካላዋሰ ምኑን ጎረቤት ሆነ?»

«የሚያውሱትን ቁጥሩን፣ ቨርዥኑን ያያሉ?»

«ስሙን አያለሁ። ስሙ አንድ ከሆነ ምን ቀረው?»

የራሔል ዓይን በእጃቸው ላይ ዐረፈ፤ ጣቶቻቸው በቀይ ቀለም ተነክረው ነበር። «ቀለሙ የምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«የእድር ነው። የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ እኔ ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸውም ሞላ። «በየድስቱና በየክዳኑ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። ዛሬም ቀለም ጨምሬ ገዝቼአለሁ።»

«ክዳን ክዳን ነው። ቁጥር ለምን አስፈለገው?»

ጋሼ ዘርአ ዳዊት በዚህች የተማረች ልጅ ድንቁርና እጅግ አዘኑ። «እንዴት ያለ ነገር ትናገሪያለሽ ልጄ! ስማቸው ሁሉ ክዳን ነው፤ ግን የሦስት ቁጥሩ በአምስት ቁጥሩ ድስት ላይ ይገጥማል? በአንድ ለቅሶ ላይ የላይኛው እድርና የኛ ክዳን ተደባልቆ፣ ወጡ ለሰው ሳይደርስ አመድ ገባበት። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ሳልጠይቅ፣ ማን ለየትኛው ድስት እንደ ወሰደ ሳልጽፍ ለንጉሥም አላውስ!»

ራሔል ወደ ፍላሹ አየች። ጉሙ መስኮቱን እየዳሰሰ ያልፋል። ሽማግሌው ጣታቸውን አዩ፣ ፍላሹን አዩ፣ እንደገና ጣታቸውን አዩ።

«አሃ» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው ያህል። «ጽሑፉ ምን ይላል እስቲ፤ አንብቢልኝ።»

ላፕቶፑ ተከፈተ፤ በስልካቸውም ከኢንተርኔት ጋር ተገናኘ። ያ የተጠላ የስሕተት መልእክት ሣጥን ብቅ ሲል ራሔል «እሺ»ን ሳትነካ ወደ አማርኛ ተረጎመችላቸው። «"ሦስተኛውን ቨርዥን ፈልጌ ነበር፤ ያገኘሁት አምስተኛውን ነው። የምጠራው ሥራ በዚህ ውስጥ የለም" ይላል። አምስተኛውን ማን አስገባው?»

ጋሼ ዘርአ ዳዊት ግንባራቸውን መቱ። «ቅዳሜ ዕለት! የእድሩን የስም ዝርዝር የማትምበት ፕሮግራም ፋይል ጎደለኝ ቢለኝ፣ አዲስ ያልኩትን በአሮጌው ላይ ጫንኩበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ለአንዱ ሳቀና ሌላውን አፈረስኩ።»

«የአሮጌው ቅጂ ፍላሹ ውስጥ አይጠፋም» አለች ራሔል። «ፍላሽዎ ሀብት ነው፤ ችግሩ ቁጥር አለመጻፉ ነው። ግን በጋራው ፎልደር አናስቀምጥም፤ የውርጩ ፕሮግራም በራሱ ፎልደር የራሱን ይያዝ። መጀመሪያ የሚፈልገው በራሱ ቤት ነውና የሌላውን አይነካም።»

በዚህ መካከል ብርሃኑ ተለወጠ። ጉሙ ከጫፉ እየተገፈፈ፣ በቀዳዳው ጥርት ያለ ሰማያዊ ታየ። ተሳፋሪው «ተመስገን!» አለ። ጋሼ ዘርአ ዳዊት ግን ቀዘቀዙ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ቆሞ ካደረ ውርጭ አይቀርም። አስካለማርያምም ስልኳን እያየች ትጠብቃለች። ፍላሹን ከአንገታቸው አውልቀው ላፕቶፑ ላይ ሰኩት።

ከፍላሹ ውስጥ አንድ ስም ያላቸው አራት ፋይሎች ወጡ። ሁለቱ ሦስተኛ ቨርዥን ናቸው። ሽማግሌው ቸኩለው አንዱን አስገቡት። ሣጥኑ እንደገና ብቅ አለ።

«ሁሉንም እንጨምርለት! የፈለገውን ይምረጥ!»

«አይሆንም ጋሼ» አለች በለሆሳስ። «አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ ካልሠራ መልሰን እናውጣ። አለዚያ የቱ እንዳዳነው፣ የቱ እንደገደለው አናውቅም። ደግሞ ስሕተቱ ያው አይደለም። እስቲ ይህን እርስዎ ያንብቡት።»

ጋሼ ዘርአ ዳዊት መነጽራቸውን አደረጉ። ቃሉን በጣታቸው እየተከተሉ፣ እንደ ተማሪ እየተንተባተቡ አነበቡ። ፕሮግራማቸው ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት ነው፤ ያስገቡት ላይብረሪ ባለ ስልሳ አራት። ቨርዥኑ ልክ ነው፤ ዓይነቱ ግን ሌላ ስለሆነ አይገጥምም።

«ቁጥሩ ሦስት ነው፤ ግን የኛ እድር አይደለም!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የላይኛው እድር ሦስት ቁጥር ነው!»

የመጀመሪያውን አወጡ፤ ሁለተኛውን አስገቡ። ሣጥኑ ሳይመጣ ቀረ። የቴርሞሜትሮቹ ቁጥር አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ተዘረዘረ፤ ከታችም በራሳቸው እጅ የጻፉት ዐረፍተ ነገር ብቅ አለ፦ «ዛሬ ማታ ውርጭ አለ። ማሳችሁን አጠጡ።» መላኪያውን ተጫኑት።

ከዚያ ከፊት ወንበር አንድ ስልክ ጮኸ፤ ቀጥሎ ከኋላ፣ ቀጥሎ ከመካከል፣ ከጋቢና ከነጠላ ሥር። አንድ ገበሬ ስልኩን አንብቦ ተነሣ። «ሾፌር፣ ጉሙ ተነሥቷል እኮ፤ ንዳው እንጂ! ሳይመሽ የማጠጣው ማሳ አለኝ።» አውቶቡሱም ተንቀሳቀሰ፤ ጋሼ ዘርአ ዳዊት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እንባቸውን ለመደበቅ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አስካለማርያም ደወለች። «ሣሩ ሁሉ በረዶ ለብሶ አደረ፤ ድንቼ ግን ቆሟል፣ ወንድም ጋሼ» አለች።

እነሆ የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ነው። ስሕተት ሲነገረው የሚያነብ ሰው ግማሹን መፍትሔ በእጁ ይዟል። በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ የሚለውጥ አይባዝንም። የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ላይብረሪ፣ በስንተኛ ቨርዥን እንደሚሻ የጻፈ ሰው፣ እሱ ቢታመም እንኳ ሥራው አይታመምም። መዋዋስ ደግ ባህላችን ነው፤ ሳይጽፉ ማዋስ ግን ደግነቱን ያበላሸዋል።

ጋሼ ዘርአ ዳዊት ያን ሳምንት የእድሩን የመሰለ አዲስ ደብተር ገዙ፤ በፍላሹም ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም «አንድ» ብለው ጻፉ። ከዚያም አንድ ቀን የቀበሌዋ ጸሐፊ ወርቅነሽ እየተጣደፈች መጣች።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሬ ላይብረሪ ጎደለኝ አለ፤ ከዚያ ፍላሽዎ ያውሱኝ።»

ሽማግሌው ደብተራቸውን ገለጡ፤ መነጽራቸውንም አደረጉ።

«ለየትኛው ድስት ነው፣ ልጄ?» አሉ።