በራሷ የምትጠፋ ሬዲዮ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት እናት ሬዲዮ ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ሞጣ ላይ ሬዲዮ እንደሚጠግን ሲነግራቸው ፊታቸው በራ።

«እግዜር ነው ያገናኘን! ይቺን ለልጄ ልሰጣት ነበር፤ ግን በራሷ ትጠፋለች።»

«ባትሪው ደክሞ ይሆናላ፣ እማማ።»

«አዲስ ስናስገባም ያው ናት።»

«ወድቃ ነበር?»

«ኧረ እንደ እንቁላል ነው የያዝናት!»

«መቼ መቼ ነው የምትጠፋው?»

«ዘፈኑን ደህና ታሰማና፣ የጦር ግንባር ዜና ሲጀመር ጭጭ ትላለች። ታላቁ ልጃችን ዘማች ነው፤ የእኔ ጆሮ ደግሞ እዚያው ነው።»

«አጠገቧ ማን ይቀመጥ ነበር?»

«ባለቤቴ ናቸዋ። ድምፁን ላስተካክል ብለው ሲነኳት ጭራሽ ትብሳለች። ‹ምን የተበላሸ ዕቃ ገዝተው መጡ!› እያልኩ ስንቴ አኮረፍኳቸው። አሁን እሳቸውም አረፉ።»

«ነፍስ ይማር። ከዚያ ወዲህስ ትጠፋለች?»

«ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ሳልከፍታት ከረምኩ። ከተዝካራቸው ወዲህ ግን...»

ሬዲዮዋን ቁልቁል አዩዋት።

«ከተዝካራቸው ወዲህ አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም።»

ሰውየው ሬዲዮዋን አገላብጦ አየና ጭናቸው ላይ መለሰላቸው።

«ድሮም ምንም አልሆነችም፣ እማማ።»

«እኔን ይድፋኝ! ለእኔ ብለው ኖሯል» አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው እየሳቡ።

ሹፌሩ ዜና ሊሰማ እጁን ወደ መኪናው ሬዲዮ ሲዘረጋ፣ ምነው በተወው አልኩ በልቤ።