በጓዳው ጥግ ስለተገኘው ባዶ ድስት

የምስክር ቃል

ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ሰኔ 19፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40
ምስክር፦ የሟች ታላቅ እህት
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከወፍጮ ቤቱ ወደ ላይ ባለው መንገድ የመጨረሻው የድንጋይ ቤት
ቃል ተቀባይ፦ ተረኛ መርማሪ
ማሳሰቢያ፦ ምስክሯ ቃሏን በገዛ እጇ ለመጻፍ ጠይቃ ተፈቅዶላታል።

አደጋው የደረሰው ትናንት ረቡዕ ሰኔ 18 ቀን ነው። ሦስት ቀን ሲጥል የሰነበተው ዝናብ ሊነጋ ሲል አባርቶ ነበር። ጠዋቱ ደመናማ ነበር፤ መሬቱም ውሃ ጠግቦ ነበር። በቦታው የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ታናሽ ወንድሜ፣ እንዲሁም ጆሮ እየተባለ የሚጠራው የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ባለቤት። ሌላ ሰው አልነበረም።

ይህን ቃል የምሰጠው ጆሮ ወርቅ ሰርቆ ወንድሜን ገድሏል ተብሎ በመታሰሩ ነው። ጆሮ ወርቅ አልሰረቀም። በድስቱ ውስጥ የነበረውን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ አስቀድሜ ጻፍኩት።

አባታችን የእናታችንን የአንገት ሐብል፣ ሁለት ቀለበቶችና በጨርቅ የተቋጠሩ የብር ሳንቲሞች በቤቱ አንድ ቦታ ቀብሯል እየተባለ በዘመድም በጎረቤትም ሲወራ ኖሯል። ቦታውን ግን ማንም አያውቅም ነበር። አባቴ ኩላሊቱን ታሞ አልጋ ሲይዝ ለእኔ ነገረኝ። በጓዳው ጥግ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ክዳን ባለው የብረት ድስት ውስጥ ነበር። አውጥቼ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ላለው ወርቅ ሠሪ በየጊዜው አንድ አንዱን ሸጥኩ። ገንዘቡ ለመድኃኒትና ለሆስፒታል መመላለሻ አለቀ። ወርቅ ሠሪው ዛሬም እዚያው ስለሚሠራ ይጠየቅ።

ያለው ሁሉ ሲያልቅ አባቴ ድስቱን ከነክዳኑ መልሼ እንድቀብረው አዘዘኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ወንድምሽ ባዶ መሆኑን ካወቀ ደጃችንን አይረግጥም፤ ተስፋ ይኑረው» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። አባቴ ከሞተ በኋላም ለወንድሜ አልነገርኩትም። በየሁለት ሳምንቱ መኪናውን ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ አቁሞ ይመጣል፤ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ «እህ፣ ዛሬስ ወርቅ አልፈለፈልክም?» ይለዋል፤ ያገኘውን ቀምሶ ይሄዳል። ከእሱ ሌላ ጠያቂ የለኝም። ዝም ያልኩት ለአባቴ ቃል ብቻ ብዬ እንዳልሆነ አብሮ ይታወቅልኝ።

ትናንት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሜ ጆሮን ይዞ መጣ። ጆሮ በየአሮጌው የእርሻ ቤት እየዞረ የሚፈልግ ሰው ነው። ካገኘ ሲሶውን ይወስዳል፤ ካላገኘ የነዳጁን ብቻ ይቀበላል። እስካሁን ያገኘው ትልቁ ነገር ምን እንደሆነ ብጠይቀው «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ? የማረሻ ብረት ነው። እሱም ዝጎ» ብሎ ሳቀ።

ወደ ጓዳው ከመግባታቸው በፊት ወንድሜን «ተው፣ እዚያ ምንም የለም» አልኩት። እሱም «አንቺ ደሞ በምን አወቅሽ? የስኳር መጠቅለያ ላይ ተጽፎ አገኘሽ?» አለኝ። ማንበብ የተማርኩት ከሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ስለሆነ ሁልጊዜ በዚህ ይቀልድብኛል። አብሬው ሳቅሁ። ያወጣሁት እኔ ነኝ ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር፤ አላልኩም።

ጆሮ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ደካማ ድምፅ እንዳያመልጠው ዝም እንድንል ለመነን። ምክንያቱ ይኸው ብቻ ነበር። ወንድሜ ግን በየመንገዱ ከሾፌሮች የሰማውን ጨምሮበት፣ የተቀበረ ወርቅ የሰው ድምፅ ሲሰማ ወደ ታች ይሰምጣል አለ። ጆሮ «ኧረ ተው ወንድሜ፣ ባትሪዬ እንዳያልቅ ነው እኔ የምፈራው» ቢለውም አልተቀበለውም።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ መሣሪያው በጓዳው ጥግ ጮኸ። ወንድሜ ክንድ ያህል እንደቆፈረ የድስቱ ክዳን ታየ። ጆሮ ከደስታው ብዛት ራሱን ረስቶ «አገኘነው! ኧረ አገኘነው!» እያለ ዘለለ። ወንድሜ ክዳኑን በመቆፈሪያው ፈልቅቆ ሲከፍተው ከጭቃና ከአንድ ቁራጭ ጨርቅ በቀር ምንም አልነበረበትም። ድስቱን ገልብጦ አራገፈው። ከዚያም ጆሮን «አፍህ ነው! አፍህ ነው ያሰመጠው!» አለው።

ጆሮ «አንተ ሰውዬ፣ ድስቱ ባዶ ነው። ያወጣው ሰው አውጥቶታል» ብሎ መለሰለት። ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን አቀረቀርኩ።

ወንድሜ «ባዶ ድስት ከነክዳኑ የሚቀብር ሰው አይተህ ታውቃለህ? እብድ ነው አባቴ?» አለው። መልሱ ያለው እኔ ዘንድ ነበር።

ጆሮ መሣሪያውን በጉድጓዱ ላይ ሁለት ጊዜ መልሶ አሳለፈ። ድምፅ እንደሌለ፣ የግድግዳው የመሠረት ድንጋይ እንደተራቆተ፣ አፈሩም እርጥብ ስለሆነ ወይ በእንጨት መደገፍ ወይ ማቆም እንደሚሻል ለወንድሜ በግልጽ ነግሮታል። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድሜ ግን «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ከእንግዲህ ቃል የሚተነፍስ ሰው ይውጣልኝ» አለ። ጆሮ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና የመሣሪያውን ጭቃ በቅጠል ይጠርግ ጀመር። ቦርሳው ጠዋት ሲመጣ እንዳነገተው ነበር።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ብቻውን ከግድግዳው ሥር ወደ ውስጥ እየሰረሰረ ቆፈረ። እኔ በጓዳው በር ቆሜ ነበር። ሲደክመው ይተወዋል ብዬ አሰብኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ካገኘሁ መጀመሪያ የጣሪያሽን ቆርቆሮ ነው የማስቀይረው። በይ አሁን አንቺም አልሰማሽም፣ ወርቁም አልሰማ» አለኝ። ኩባያውን ተቀብዬ ወደ በሩ ተመለስኩ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ከድንጋዮቹ መሀል አፈር ሲዘረገፍ አየሁ። «ውጣ» አልኩት። አልጮኽኩም፤ እንደ ልማዴ ነው የተናገርኩት። ወንድሜ ቀና አላለም። የሰማኝ ጆሮ ነው። ዘሎ ገብቶ የወንድሜን ቀበቶ ይዞ ሲጎትት ግድግዳው ከግማሹ ተናደ። የጆሮ የግራ ክንድ የተላጠው ያኔ በድንጋዩ ነው እንጂ ከወንድሜ ጋር ተደባድቦ አይደለም። ሁለታችንም ድንጋዩን በእጃችን እያነሳን ሞከርን፤ አልቻልንም። ሰው እንዲጠራ ወደ ወፍጮ ቤቱ የላክሁት እኔ ነኝ። የሮጠው ለዚህ ነው። ቦርሳ አንግቶ ሲሮጥ ያዩት ሰዎች ወርቅ ይዞ ሲያመልጥ አየን ያሉት ይህን ነው። ሰዎቹን ይዞ ተመልሶ መጥቷል፤ የሚያመልጥ ሰው አይመለስም።

ወንድሜን ስናወጣው ትንፋሽ አልነበረውም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ፖሊስ መጣ። መርማሪው ባዶውን ድስት እያሳየ በውስጡ ምን እንደነበረ ጠየቀኝ። «አላውቅም» አልኩ። ጆሮ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ወደ መኪናው ሲወስዱት «እትዬ፣ እርስዎም እዚያው ነበሩ እኮ፤ ያዩትን ይንገሯቸው እንጂ» አለኝ። አልነገርኳቸውም።

ዛሬ ሐሙስ ያደረግሁት የሚከተለው ነው።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ወንድሜ ሚስት ቤት ሄጄ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። ከእኔ እንድትሰማው ፈልጌ ነው። ከዚያ «ባዶ ነበር? ባሌ ለባዶ ድስት ነው የሞተው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «አይደለም። ወርቅ ነበረ፤ ሌባውም ተይዟል። አንቺ ሂጂና ስፌትሽን ስፊ» አለችኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ «እርስዎ» እንጂ «አንቺ» ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ሳልቀመጥ ወጣሁ።

ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ቤቴ ደረስኩ። የወፍጮ ቤቱ ጠባቂና የእሱ ሚስት ወንድም ጓዳው ውስጥ ገብተው ጉድጓዱን ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። ያልተናደው የግድግዳው ግማሽ ወደ እነሱ አዘንብሎ ነበር። ድስቱን ባዶ ያደረግሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ወፍጮ ጠባቂው «እትዬ፣ ለብቻዎ ሊያወጡት አስበው ነው አይደል? ግድ የለም፣ ሲሶውን ለእርስዎ እናደርጋለን» አለኝ። ውጡ ብዬ ጮኽኩባቸው። የመንገዱ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። የሚስቱ ወንድም «ባዶ ከሆነ ምን ያስጮኽዎታል?» ብሎ መቆፈሩን ቀጠለ።

አፈር ሊደፉ ተራ በተራ ቀና ሲሉ አካፋቸውንና መቆፈሪያቸውን ነጥቄ ወደ ግቢው ወረወርኩ። ሁለቱም ሊያነሱ ሲወጡ የጓዳውን በር ከውጭ ቀረቀርኩት። ከዚያ በቤቱ ጀርባ ዞሬ፣ ለጣሪያ መደገፊያ ያስቀመጥኩትን ረጅም እንጨት ከግድግዳው ላይኛው ድንጋይ ሥር አስገብቼ በሙሉ ክብደቴ ገፋሁት። በመጀመሪያው አልተነቃነቀም። በሦስተኛው ወደ ውስጥ ወደቀ፤ የጓዳው ጣሪያም አብሮት ወረደ። ጉድጓዱ በድንጋይ ተሞላ። ወፍጮ ጠባቂው ሮጦ መጥቶ «ምን ነካዎት! ቤትዎን እኮ አፈረሱት!» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ቦታው እንዳይነካ ፖሊስ አዝዞ እንደነበር አውቃለሁ። የምጠየቅበት ከሆነ እጠየቃለሁ። እጄን ታጥቤ በእግሬ ወደዚህ መጣሁ። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ደርሼ በር ላይ ላለው ፖሊስ የታሰረው ሰው እንዲፈታ ልናገር መጥቻለሁ አልኩት።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ያየሁት፣ የሰማሁትና የሠራሁት ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ትናንት «አላውቅም» ያልኩት ሐሰት ስለሆነ በዚህ ቃል ይሰረዝልኝ።

የምስክር ፊርማ ____________
የቃል ተቀባይ ፊርማ ____________